ለስድስት ሰው ቤተሰብ በባሕር ዳር፦ ባጃጁንም ታክሲውንም ጀልባውንም ከመመለሻው ጀምሮ መያዝ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው ውጭ አገር ነው፤ ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ የምናሳልፈው በሸራ ጀልባ ላይ ነው። ለጥምቀት ከሦስት ልጆቻችን (3፣ 7 እና 11 ዓመት) እና ከእናቴ ጋር ባሕር ዳር ለአራት ቀን እንመጣለን። መኪና መከራየት አንፈልግም፤ በባጃጅ፣ በታክሲና በሐይቁ ጀልባ ነው መንቀሳቀስ ያሰብነው። ውሃ አያስፈራንም። የሚያስፈራን መንገዱና የዋጋው ንግግር ነው። ምን እንጠይቅ? ምንስ አይተን እንሳፈር?»

እንኳን ደህና መጣችሁ። በባሕር ዳር የቤተሰብ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመልስ ላይ ነው። መሄጃው ሞልቷል፤ ጠዋት ከማረፊያችሁ በር ላይ ባጃጅ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሐይቅ ዳር ስትደርሱ ጀልባ የሚያቀርብላችሁ አይጠፋም። ከሰዓት በኋላ ግን ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ ተሽከርካሪ ይጠፋል፣ ሐይቁ ዳር ባለው ዘጌ ላይ ነፋስ ይነሳል፣ በበዓሉ ቀን መንገዱ በሰው ይሞላል። ያኔ የደከመ ልጅ ታቅፎ በተገኘው ነገር መሳፈር ግድ ይሆናል፤ ዋጋውም አደጋውም የሚንረው በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ፣ በየትኛውም ጉዞ መጀመሪያ የሚነገረው መመለሻው መሆኑን ያዙ።

ከሁሉ በፊት ስለ ጸጥታው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ባለው ግጭት ምክንያት ከከተማ መውጣት የሚቻልበትና የማይቻልበት ቀን አለ፤ በከተማው ውስጥም የሰዓት እላፊ ሲታወጅ የባጃጅ እንቅስቃሴ ቀድሞ ይቆማል። ትናንት ሰላም የነበረ መንገድ ዛሬም እንደዚያው ነው ብላችሁ አትነሱ። በየቀኑ ማታ ላይ ማረፊያችሁን፣ ጠዋት ደግሞ ሹፌሩን ጠይቁ። የሁለቱ መልስ ከተለያየ ያን ቀን ከተማው ውስጥ ዋሉ።

ቀጥሎ ሰዓት። ስልካችሁ ላይ 7:00 የሚለው ለሹፌሩ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። «ነገ 7 ሰዓት ና» ካላችሁት የሚመጣው ከምሳ በኋላ ነው፤ ለጀልባ ደግሞ ያ የነፋሱ ሰዓት ነው። ሁልጊዜ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚለውን ጨምሩና እሱ ራሱ እንዲደግመው አድርጉ። ልጆቹ በውጭ አቆጣጠር የለመዱ ስለሆኑ የ11 ዓመቱም ይህን ይወቅ።

ባጃጅ

ባጃጅ ከሹፌሩ በስተጀርባ ለሦስት ሰው የተሠራ ነው። ለእናንተ ሁለት ባጃጅ ያስፈልጋችኋል። አንዱ ወላጅ ከ3 ዓመቱና ከ7 ዓመቱ ጋር፣ ሌላው ወላጅ ከአያትና ከ11 ዓመቱ ጋር ይሁን። ስድስቱንም በአንድ ልጫን የሚል ሹፌር ታገኛላችሁ፤ ልጆቹን በጉልበት፣ አንድ ሰው ደግሞ ከእሱ ጎን ፊት ላይ። አይሆንም በሉት። ባጃጅ ፊት ላይ ያለው አንድ ጎማ ብቻ ነው። ሹፌሩ ፍጥነት ሳይቀንስ ሲታጠፍ፣ ይባስ ብሎ እየታጠፈ ፍሬን ሲይዝ፣ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ጎን ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ የሚደግፈው ጎማ የለም። የውስጠኛው የኋላ ጎማ ይነሳል፣ ተሽከርካሪው ይጋደማል። ሰው በበዛ ቁጥር ክብደቱ ከፍ ስለሚል መገልበጡ ይቀላል። ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው ደግሞ መሪውን በክንዱ ይገፋል።

አቀማመጡ እንዲህ ይሁን፦ ትንሹ ልጅ መሀል፣ ትልቅ ሰው በቀኝ። በአገራችን የሚነዳው በቀኝ በኩል ስለሆነ የሚያልፈው መኪና ሁሉ በግራ ነው። የግራ ጎኑ በብረት ወይም በሸራ የተዘጋ ባጃጅ ምረጡ፤ መሳፈርም መውረድም በቀኝ ብቻ። ልጅ የባጃጁን የጣሪያ ብረት ከውጭ እንዳይዝ አስጠንቅቁ፤ በጠባብ መንገድ ሁለት ባጃጆች ሲተላለፉ መሀላቸው የእጅ ስፋት ላይኖር ይችላል። ሻንጣ ከወንበሩ ኋላ ባለው ቦታ የሚገባው ትንሹ ብቻ ነው። ትልቁ ሻንጣ ጉልበት ላይ ከተደረገ የልጁን መውጫ ይዘጋልና ሻንጣ ያለበት ጉዞ በባጃጅ አይሁን።

የዋጋ ጭቅጭቅ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው፦ «በኮንትራት ነው በሰው?» በመስመሩ የሚሠራ ባጃጅ ሌላ ሰው እየጫነ ይሄዳል፣ ሂሳቡም በነፍስ ወከፍ ነው። እናንተ ባዶ ባጃጅ ውስጥ ገብታችሁ የቦታ ስም ብቻ ከጠራችሁ ሹፌሩ ባጃጁን ለብቻችሁ በኮንትራት እንደያዛችሁት ይቆጥራል፤ እንደ እሱ ደግሞ አልዋሸም። ሳትገቡ፣ በር ላይ ቆማችሁ ጠይቁ። ዋጋው ልክ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት የማረፊያችሁን ዘበኛና አንድ ባለ ሱቅ ለየብቻ ጠይቁ። ሁለቱ ተቀራራቢ ከነገሯችሁ ልኩ እሱ ነው። ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ቢጠይቃችሁ ሳትከራከሩ ሂዱ፤ እጥፍ ከሆነ «አመሰግናለሁ ወንድሜ» ብላችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ሁለቱ ባጃጆች ከተለያዩስ? ከመነሳታችሁ በፊት የሁለቱንም ሹፌሮች ስልክ ቁጥር ያዙ፣ የጎን ቁጥራቸውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። መድረሻውን ደግሞ ሁሉም በሚያውቀው ምልክት ንገሯቸው። ለምሳሌ «ሐይቅ ዳር» ብቻ አይበቃም፤ ዳርቻው ረጅም ነው። «ሐይቅ ዳር፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ» ይባላል። ከዓባይ ወዲያ ያለውን ሰፈር ሁሉም «ዓባይ ማዶ» ይለዋል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይም ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ጥሩ ምልክት ነው።

ሚኒባስ ታክሲና የልጅ ወንበር

ሚኒባሱ በመስመር ይሠራል፤ ረዳቱ መድረሻውን እየጠራ ያሳፍራል፣ ሂሳብ መንገድ ላይ ይሰበስባል፣ መውረጃችሁ ሲቃረብ «ወራጅ አለ» ትላላችሁ። በጉልበት ለተያዘ ሕፃን ብዙ ጊዜ አይከፈልም፤ ወንበር ከያዘ ይከፈላል። ለ3 ዓመቱ ወንበር ግዙለት፤ በዚህ ቁጠባ የለም። ስድስት ሆናችሁ መሀል መንገድ ላይ ሚኒባስ ለማስቆም አትሞክሩ፤ ስድስት ባዶ ቦታ ይዞ የሚያልፍ አታገኙም። ተራ ወዳለበት መነሻ ሄዳችሁ ባዶውን ያዙ። ዝርዝር ብር አዘጋጁ። ባለ 200 ብር ኖት ይዞ ለአጭር መንገድ መሳፈር ረዳቱን መልስ ፍለጋ ያስጨንቃል፣ እናንተንም ያስቆማል። ባለ 10 እና ባለ 50 ብር ኖቶች በተለየ ኪስ ይሁኑ። ለኮንትራት ብዙ ሹፌሮች በቴሌብር ይቀበላሉ፤ ገንዘቡን ስትልኩ የሚመጣላችሁን ስም ከሹፌሩ ስም ጋር አመሳክሩ።

ለልጆቹ ከውጭ የመኪና ወንበር ማምጣት ይጠቅማል ወይ ለሚለው፦ በባጃጅ ውስጥ የሚታሰርበት ቀበቶ ስለሌለ ከጌጥ አያልፍም። በመስመር ሚኒባስም የኋላ ወንበሮች ላይ የሚሠራ ቀበቶ ማግኘት ከባድ ነው። የሚጠቅመው ከከተማ ለሚያወጣችሁ የኮንትራት መኪና ብቻ ነው። መኪናውን ከመስማማታችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩት፦ የኋላ ቀበቶው ከትከሻም ከወገብም የሚይዝ ነው? መቆለፊያው ወንበሩ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል? ስባችሁ በድንገት ስታቆሙት ይይዛል? ለ7 ዓመቱ የሚታጠፍ ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ያለ ትከሻ ቀበቶ ግን አይሠራም። ልጅ ጉልበት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ቀበቶ ለሁለታችሁ አትሰሩ፤ መኪናው ድንገት ሲቆም የትልቁ ሰው ክብደት በሙሉ ልጁን በቀበቶው ላይ ይደፈጥጠዋል። ቀበቶ ጨርሶ ከሌለ ልጆቹ ሁለተኛው ረድፍ ላይ መሀል ይቀመጡ፣ ከፊትና ከበር አጠገብ ይራቁ። ለሹፌሩም ፍጥነቱን ከመነሳቱ በፊት ንገሩት፤ መንገድ ላይ ከሚደረግ ልመና ቀድሞ የተነገረ ቃል ይከበራል።

ጀልባው

እዚህ እናንተ ብዙ ታውቃላችሁ፤ ጣና ግን ከባሕር የሚለይበትን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ይህ ሐይቅ አማካይ ጥልቀቱ 9 ሜትር ገደማ፣ ትልቁም 14 ሜትር አካባቢ ነው። ውሃው ሰፊና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቶሎ ያድጋል፤ አጭር፣ ቀጥ ያለና የተከታተለ ይሆናል። ረጅም የባሕር ማዕበል የለመደ ልጅ እንኳ በዚህ ሊያስመልሰው ይችላል። ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ነው። ፀሐይ የብሱን ስታሞቅ ከሐይቁ ወደ ዳር ነፋስ ይነሳል፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ እየበረታ ይሄዳል፣ ማዕበሉም ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ይከመራል። መልሳችሁ የሚያርፍበት ወደብ በጣም የሚናጥበት ሰዓትም ያው ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ተነሡ፣ ቢዘገይ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ተመልሳችሁ ወደብ ላይ ሁኑ።

ይህ ሰዓት የት መሄድ እንደምትችሉ ራሱ ይወስናል። ዘጌ ልሳነ ምድር በተለመደው ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም የሚባሉት ገዳማት እዚያ ናቸው፣ ሁለቱም ሴትም ወንድም ያስገባሉ። ዑራ ከወደቡ በቡና ደን ውስጥ ሽቅብ በእግር ያስኬዳል፤ ለእናታችሁ ዱላ ያዙላቸው፣ መንገዱ ድንጋያማ ነው። ክብራን ገብርኤል ቅርብ ቢሆንም ሴት አይገባበትም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ለእናንተ ይህ ማለት ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ጀልባ ላይ ይጠብቃል ማለት ነው። ዳጋና ናርጋ ሥላሴ ለመሄድ ብቻ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳሉ፤ መልሱ በነፋስ ሰዓት ይሆናል። ከ3 ዓመት ልጅና ከአያት ጋር አይመከርም። ዘጌን ውሰዱ፤ ለአጭር ጉዞ ደግሞ የዓባይ መውጫ አጠገብ ያለው ደብረ ማርያም ይበቃል። መውጫው አካባቢ ጉማሬ አለ። ሹፌሮች ለእንግዳ ለማሳየት ይጠጋሉ፤ ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ፣ ሞተሩም እንዳይጠፋ በሉ። ግልገል ያላት ጉማሬ ጀልባ አትታገሥም።

ጀልባውን ስትመርጡ ሐይቅ ዳር ከሚያገናኛችሁ ሰው ጋር ዋጋ አትጨርሱ፤ ራሱ የሚነዳውን አስጠሩ። በመሀል ያለው ደላላ ድርሻውን ይጨምራል፤ ከዚህም በላይ ጉዳት የሚያመጣው እሱ ቃል የገባውን ነጂው አለመስማቱ ነው። ለነጂው የምትሉት ይህን ያህል ነው፦ «ስድስት ነን። ዘጌ ደርሰን፣ ሁለት ቦታ ገብተን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ እዚሁ ትመልሰናለህ። ሌላ ሰው አትጭንም። መጠበቂያውም ነዳጁም ተጨምሮ ጠቅላላው ስንት ነው?» የገዳማቱ መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ በጀልባው ዋጋ ውስጥ እንደማይገባ እወቁ። ቀብድ ከጠየቀ ለነዳጅ የሚሆን ስጡት፣ ከሲሶው አይለፍ፤ ቀሪው ስትመለሱ።

ከዚያ ጀልባውን እዩ። የነፍስ አድን ጃኬት በቁጥር ይቈጠር፤ ለትልቅ ሰው ይኖራል፣ ለልጅ የሚሆን ግን እምብዛም ነው። የራሳችሁን የልጆች ጃኬት ከቤት አምጡ። በጋዝ የሚነፋው ዓይነት አውሮፕላን ላይ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ፎም ያለው ይሻላል፤ የትንሹም በእግር መሀል የሚያልፍ ማሰሪያ ይኑረው። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ ማልበስ ባዶ ከመሄድ አይሻልም፤ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ልጁ ወደ ታች ያመልጣል። ሁሉም ተሳፍሮ ሲቀመጥ የጀልባው ጠርዝ ከውሃው ቢያንስ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሁን።

ነዳጁን አስከፍታችሁ እዩ፦ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን። መቅዘፊያ፣ መለዋወጫ ካንዴላ፣ የፕሮፔለር ፒን፣ የማስነሻ ገመድ፣ 40 ሜትር ገመድ ያለው መልሕቅ ካለ ጀልባው የሚያስብ ሰው አለው። ሞተሩ ሲነሳ ከጎኑ የማቀዝቀዣው ውሃ ቀጭን ጅረት ሆኖ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ወይም መንገድ ላይ ከቆመ የውሃ መሳቢያው ተዘግቷል፣ በአብዛኛው በእምቦጭ ሥር ወይም በሣር። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ የታየው ይህ አረም የበዛው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ቢሆንም ነፋስ እየቆራረጠ ወደ ሌላውም ዳር ይወስደዋል፤ ፕሮፔለር ላይ ተጠምጥሞ ፒኑን ይሰብራል። ሌላም ነገር አለ። ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት የሚለው እዚህ እንደ 33 ነው። «ፈጣን ነው፣ በግማሽ ሰዓት እንመለሳለን» የሚለውን ተስፋ በዚህ ቀንሱት።

ለቤተሰብ አደገኛው ቅጽበት መሳፈርና መውረድ ነው። የሐይቁ ውሃ በዓመቱ ውስጥ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይወርዳል ይወጣል። ክረምቱ ሲያበቃ መስከረም ላይ ይሞላል፤ ጥር ላይ እየወረደ ስለሚሆን ከመድረኩ ወደ ጀልባው ያለው ደረጃ ሊረዝም ይችላል። አያት መጀመሪያ ተቀምጠው ከዚያ ይውረዱ፤ አንድ ሰው ከላይ፣ አንድ ሰው ጀልባው ውስጥ ይያዟቸው። ልጅ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ፣ አይዝለል። አንዳንድ ቦታ ላይ ጫማ አውልቃችሁ በውሃው እንድትሄዱ ትጠየቃላችሁ፤ እምቢ በሉ፣ ጀልባው ድንጋዩ ድረስ ይጠጋ። በጣና ዳር ጥልቀት በሌለው ውሃ የቢልሃርዚያ (በቆዳ በኩል የሚገባ የጥገኛ ትል በሽታ) ተሸካሚ ቀንድ አውጣ አለ። የረጠበ እግር ወዲያው በፎጣ ይታሸት። ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ ልጆቹ ሲያዩ መሳፈር ይፈልጋሉ፤ ዳር ላይ ታስሮ ሳለ ፎቶ መነሳት ይበቃቸዋል።

ጢስ ዓባይ

30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለባጃጅ ረጅም፣ ለመደበኛ አውቶቡስ ደግሞ መልሱ የማያስተማምን። ከሄዳችሁ ደርሶ መልስ በኮንትራት፣ የመጠበቂያው ሰዓት ተቈጥሮ። ሹፌሩ «ስትጨርሱ ደውሉልኝ» ብሎ እንዲሄድ አትፍቀዱ፤ ሌላ ሥራ ሲያገኝ እናንተ እዚያ ትቀራላችሁ። ይሁን እንጂ ጥር ላይ ብዙውን ውሃ የኃይል ማመንጫዎቹ ስለሚወስዱት ፏፏቴው ቀጭን ነው፤ ውበቱ በክረምቱ ማብቂያ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። አራት ቀን ብቻ ላለው ቤተሰብ፣ ከመንገዱ ሁኔታ ጋር ሲታይ፣ ይህን ቀን ለዘጌ ወይም ለከተማው ማዋል የተሻለ ነው። ከሄዳችሁ ግን እናታችሁን በድሮው የድንጋይ ድልድይ በኩል ባለው ዳገት አታድክሙ፤ በጀልባ ዓባይን ተሻግሮ የሚያስገባው መንገድ ሜዳ ነው። መሻገሪያው አጭር ቢሆንም የልጆቹ ጃኬት አይውለቅ።

የበዓሉ ሁለት ቀን

ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ሲወጡና ጥር 11 ሲመለሱ በዋና ዋና መንገዶች ባጃጅም ታክሲም አያልፍም። በእነዚያ ሰዓታት የሚቀረው በእግር መሄድ ነው፤ ስለዚህ ማረፊያችሁ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በእግር የሚያስኬድ ይሁን። የ3 ዓመቱን በጀርባ ማዘያ ያዙ፣ የልጆች ጋሪ ሕዝብ ውስጥ አይገፋም። በየልጁ ክንድ ላይ የወላጅ ስልክ ቁጥር በማይለቅ እስክሪብቶ ይጻፍ፤ ኔትወርክ ሲጨናነቅ የምትገናኙበት አንድ በር ቀድማችሁ ምረጡ። በእነዚህ ቀናት ጀልባ አትያዙ፤ ተሳፋሪ ሲበዛ አስቀድሞ የሚጣሰው የጭነት ልክ ነው።

አየር ማረፊያው ከከተማው በስተ ምዕራብ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትመጡም ስትመለሱም ሻንጣ ስላለ አንድ ሚኒባስ በኮንትራት ያዙ። የመመለሻ ቀኑን ሹፌር በቀደመው ማታ ጨርሱት፤ ሌላም ተጠባባቂ ስልክ ይኑራችሁ። በጣም ጠዋት የሚነሳ በረራ ከሆነ የሰዓት እላፊው መቼ እንደሚያበቃ፣ ሹፌሩም በዚያ ሰዓት ከቤቱ መውጣት ይችል እንደሆነ ጠይቁት። መኪናው እስከ ተርሚናሉ በር ይገባ እንደሆነም በዚያው ተነጋገሩ፤ የማይገባ ከሆነ ከፍተሻው ጀምሮ ሻንጣውን የምትገፉት እናንተ ስለሆናችሁ ግማሽ ሰዓት ጨምራችሁ ተነሡ።